የአክስታችን ድረ ገጽ፦ ለትንሽ ሱቅ ስንሠራ የተማርነው

አርብ ጠዋት ነው። ከአሽዶድ የመጡ እናትና ልጅ በረሖቮት፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ በአክስታችን የስፌት ሱቅ ደጃፍ ቆመው ስልክ ይደውላሉ። ልጅቷ የሒና ቀሚሷን ልትለካ ነው የመጣችው። ሱቁ ዝግ ነው። በእጇ በያዘችው ስልክ ላይ ግን ድረ ገጹ «አርብ ከ9:00 እስከ 13:00 ክፍት ነን» ይላል። አክስታችን አርብ መክፈት ካቆሙ ሁለት ወር አልፏቸዋል።

ድረ ገጹን የሠራነው እኛ ነን። ሦስት ተማሪዎች ነን፤ በሥጋ የአንዳችን አክስት ቢሆኑም፣ ከቤታቸው በልተን ስላደግን ሦስታችንም አክስታችን እንላቸዋለን። የይለፍ ቃሉ በእኛ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። በዚያን ወቅት ሁለታችን ፈተና ላይ፣ አንዳችን ሚሉኢም ላይ ነበርን። አክስታችን ሰዓቱን እንድንቀይርላቸው ሦስት ጊዜ ደውለውልናል። ሦስቱንም ጊዜ «ከፈተና በኋላ» አልናቸው።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ነገሩን ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ። የቢቱዋሕ ለኡሚን ደብዳቤ በስምንት ዓመታችን ያነበብን፣ ባንክ ቤት መስኮት ፊት ለአባታችን ያስተረጎምን ልጆች ነን። ከየቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያዎቹም እኛው ነን። በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ላይ «ከሰው ጋር ሥሩ እንጂ በሰው ፋንታ አትሥሩ» ሲባል ራሳችንን እየነቀነቅን ጻፍን፣ ፈተናውንም አለፍን። ከዚያ ወጥተን ለአክስታችን ያለ እኛ የማይከፈት አንድ ሌላ ደብዳቤ ሠራንላቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ድረ ገጽ አፍርሰን ሁለተኛ ሠራን። ከዚህ በታች ያለው የሁለተኛው አሠራር ነው። ለስፌት ሱቅ የሠራነው ቢሆንም ለእናታችሁ ፀጉር ቤት፣ ለአጎታችሁ የቤት ዕቃ ማጓጓዣ፣ ለጎረቤታችሁ የሕፃናት መዋያ ጥቂት ነገር ቀይራችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ከኮምፒውተሩ በፊት ደብተሩ

የመጀመሪያውን ስንሠራ የጀመርነው ከቀለም ምርጫ ነበር። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በዳር በዳሩ፤ መሐል ላይ የሚንቀሳቀስ ፎቶ። አንድ ሙሉ ሌሊት በዚህ አለፈ። ስልክ ቁጥሩ ግን ከገጹ ግርጌ፣ ከሁሉም በታች ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ላፕቶፑን ዘግተን አንድ ደብተር ከአክስታችን ስልክ አጠገብ አስቀመጥን። ለሁለት ሳምንት በደወለ ሰው ሁሉ አንድ መስመር ይጻፋል፦ ምን ጠየቀ? አክስታችን በዕብራይስጥ መጻፍ ስለማይቀናቸው በራሳቸው ምልክት ይጽፉ ነበር፤ ለዋጋ ክብ፣ ለቀን መስቀለኛ መስመር፣ ለአድራሻ የቤት ሥዕል። ማታ ማታ አንዳችን ሄደን እንቆጥራለን።

ደንበኞች የሚጠይቁት ስድስት ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዋጋው ስንት ነው? ለሠርጌ ይደርሳል ወይ? ታከራያላችሁ ወይስ ትሸጣላችሁ ብቻ? የት ናችሁ? አርብ ትከፍታላችሁ? በራሴ ልክ ይሰፋልኛል? እኛ ሌሊት ሙሉ የደከምንበት ባንዲራ ከስድስቱ አንዱንም አይመልስም። አንድም ሰው ደውሎ «ዓላማችሁ ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ የመጀመሪያው ድረ ገጻችን ግን «ዓላማችን» የሚል ሙሉ ገጽ ነበረው።

አዲሱ የፊት ገጽ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል የሚመልስ ሆነ። ከላይ፣ በስልክ ላይ ጣት ሳይንቀሳቀስ በሚታየው ቦታ፣ ሦስት ነገር አለ፦ የሚሠሩት ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሰፈሩ፣ እና የሚደወልበት ቁልፍ። ዋጋን በተመለከተ ከአክስታችን ጋር ተከራከርን። እሳቸው «ዋጋ ከተጻፈ ሰው ይሸሻል» ይላሉ። እኛ ደግሞ ዋጋ ያልተጻፈበት ገጽ ራሱ ያሸሻል ባይ ነን፤ በተለይ ወጣቶቹ ለመደወል ያፍራሉ፣ ገጹን ዘግተው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። በመጨረሻ «ኪራይ ከዚህ ጀምሮ፣ ስፌት ከዚህ ጀምሮ» ብለን የመነሻውን ዋጋ ጻፍን። አክስታችን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም።

የማን ለቅሶ ነው?

«ስለ እኛ» የሚለውን ክፍል በመጀመሪያው ጊዜ የጻፍነው እኛው ነን፤ እንዲያውም ኮርተንበት ነበር። ከጎንደር ገጠር በእግር ወደ ሱዳን፣ በሱዳን መጠለያ የሞቱት፣ በ1984 መጨረሻ በዘመቻ ሙሴ የመጡበት አውሮፕላን፣ የመጀመሪያው ዓመት ችግር፣ ከዚያ በኋላ መርፌና ክር። ሁሉም እውነት ነው። አስተማሪያችን ብታየው ጥሩ ነጥብ ትሰጠን ነበር።

ድረ ገጹን ልናፈርስ የተሰበሰብን ማታ ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለስን ለአክስታችን አነበብንላቸው። ከዚያ በፊት አንብበንላቸው አናውቅም። ሲጨርስ ዝም አሉ። ቡናውን ቀዱ። ከዚያ «ይኼ የማን ለቅሶ ነው?» አሉን። «እኔ የምሸጠው ቀሚስ ነው፤ ሱዳንን አልሸጥም።»

ስለዚህ ነገር እኛም ከዚያ በኋላ ብዙ ተነጋግረናል። ትምህርታችን የሰውን ችግር መጻፍ ያስተምረናል፤ ለድጋፍ ማመልከቻ፣ ለሪፖርት፣ ለኮሚቴ። እጃችን ስለለመደ ሱቅ ለምታስተዋውቅ ሴትም የጻፍነው የድጋፍ ማመልከቻ ነበር። ያነበበው ደንበኛ ሊያዝን ይችላል። ያዘነ ሰው ግን የሠርግ ቀሚሱን አምኖ አይሰጥም፤ የሠርግ ቀሚስ የሚሰጠው ለባለሙያ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታሪኩ የእሳቸው ነው። ለልጅ ልጆቻቸው በስግድ ማታ ሊነግሩት የሚችሉት፣ ወይም ሳይነግሩት የሚተዉት ነው።

አዲሱን «ስለ እኛ» አክስታችን ተናገሩ፣ እኛ ቀዳን፣ ከዚያ በዕብራይስጥ ጻፍነው። ስድስት መስመር ነው። ጥልፍ ከእናታቸው እንደተማሩ ይላል። ሸማው ኢትዮጵያ ውስጥ በሸማኔ እጅ የተሠራ እንደሆነ፣ ጥለቱን ደንበኛዋ ራሷ እንደምትመርጥ፣ አንድ ሙሉ የሠርግ ቀሚስ ከልኬት እስከ መጨረሻው አንድ ወር እንደሚፈጅ፣ ከሠርጉ በፊት ሁለት ጊዜ እንደሚለካ ይላል። የመጨረሻው መስመር የእሳቸው ቃል ነው፦ «የጠበበ አስፍቼ፣ የሰፋ አጥብቤ አስረክባለሁ፤ በእኔ ቀሚስ የሠርጓ ቀን የተጨነቀች ሙሽራ የለችም።» ይህን እኛ መጻፍ አንችልም ነበር።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር እንጨምር። ሱቁ ውስጥ የነበረው የሙሽሮች አልበም ውብ ስለሆነ በመጀመሪያው ጊዜ ሁሉንም ፎቶ አንሥተን ለጠፍነው። ይህ ስህተት ነው። በእስራኤል የ1981 የግላዊነት ጥበቃ ሕግ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለንግድ ጥቅም ማዋልን የግል ሕይወትን መድፈር አድርጎ ይቆጥረዋል። ከመካከላቸው የተፋቱም አሉ። አሁን ያሉት ፎቶዎች ቀሚሱ በመስኮት ብርሃን ተሰቅሎ የተነሣባቸው፣ የጥለቱ ጠርዝ በቅርበት የሚታይባቸው፣ እና በጽሑፍ ፈቃድ የሰጡ አራት ሙሽሮች ናቸው። በስልክ የተነሣ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ስለሚመዝን ሳይቀነስ አይለጠፍ፤ ከአውቶቡስ ላይ ሆኖ የሚከፍት ሰው ፎቶው እስኪመጣ አይጠብቅም።

ሁለት ፊደል በአንድ ገጽ

ገጹ በየትኛው ቋንቋ ይሁን? እዚህ ላይ ሁላችንም የተለያየ ስሜት ነበረን። አማርኛ ቀድሞ ይታይ የሚለው ለልብ ደስ ይላል። ደንበኞቹን ስንቆጥር ግን ቀሚስ የምትመርጠው ሙሽራ እዚህ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ፊደሉን ግን እንደ እኛው እየቆጠረች ነው የምታነበው። ከሌላ ማኅበረሰብ የሚያገቡም አሉ፤ የሙሽራው እናት ከሞሮኮ ወይም ከቡኻራ ቤተሰብ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ዕብራይስጥ ቀደመ።

አማርኛው ለማን ነው? ለእናቶች አልን። እናቶች ግን ብዙዎቹ በገጠር ትምህርት ቤት ሳያዩ ያደጉ ናቸው፤ አማርኛም አያነቡም። በሁለተኛው ጊዜ የአማርኛውን ገጽ ረዥም ጽሑፍ ትተን ሦስት ነገር ብቻ አደረግንበት፦ ትልልቅ ፎቶ፣ አንድ የመደወያ ቁልፍ፣ እና አክስታችን በራሳቸው ድምፅ ስድስቱን ጥያቄ የሚመልሱበት ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ቅጂ። ከሠራነው ሁሉ በጣም የተወደደው ይህ ነው። አንዲት አሮጊት ደውለው «አንቺን ሬዲዮ ላይ ሰማሁሽ» አሏቸው።

አማርኛና ዕብራይስጥ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ይጣላሉ። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ የእኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በዕብራይስጥ በተዘጋጀ ገጽ ላይ አማርኛ ዝም ብላችሁ ከለጠፋችሁ የጥያቄ ምልክቱና ቅንፉ ወደ ተሳሳተው ጎን ይዘላሉ። በባዶ ቦታ ተከፋፍሎ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ደግሞ ክፍሎቹ ቦታ ተለዋውጠው የሌላ ሰው ቁጥር ይሆናል፤ የ972 መደመር ምልክትም ከቁጥሩ ኋላ ትገባለች። መፍትሔው ለአማርኛው የራሱን ገጽ ከፍቶ የጽሑፍ አቅጣጫውን ከግራ ወደ ቀኝ ማድረግ፣ ስልክ ቁጥሩንም ሳይከፋፍሉ መጻፍ ነው። የፊደሉን ዓይነት ደግሞ ራሳችሁ ምረጡ። ለዕብራይስጥ የተሠሩ የፊደል ዓይነቶች አብዛኞቹ የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ያን ጊዜ ስልኩ ያገኘውን ይተካል፣ ፊደላቱ ያንሳሉ ወይም ይጨናነቃሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ስጡት።

ሰዎች በጉግል የሚፈልጉበት አጻጻፍም ሌላ ጉዳይ ነው። በዕብራይስጥ «ሲምላ ኤቲዮፒት» ብላ የምትፈልግ አለች። «ቀሚስ»ን አንዷ በቆፍ፣ ሌላዋ በካፍ ትጽፋለች። «ሀበሻ»ን አንዱ በሔት፣ ሌላው በሄ ይጀምረዋል። አማርኛውም ከዚህ አይሻልም፤ ሠርግ እና ሰርግ፣ ሐበሻ እና ሀበሻ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በገጹ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን አጻጻፍ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ፣ በተፈጥሮ በሚገባበት ቦታ ጻፍን። አንድ ላይ ደርድሮ ከገጹ ግርጌ መከመር ግን ለአንባቢም ለጉግልም ያስቀይማል። የከተማውን ስም አትርሱ፤ «የኢትዮጵያ ቀሚስ በረሖቮት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ለመግዛት የተነሣ ሰው ነው።

ከድረ ገጹ እኩል የጠቀመን ሱቁን በጉግል የንግድ መገለጫ ላይ በነፃ ማስመዝገባችን ነው። ቦታው በካርታ ይወጣል፣ ሰዓቱ ይታያል፣ የበዓል ቀን ለብቻው ይሞላል። ሰው በዌዝ ሲመጣ የት እንደሚደርስም ራሳችሁ ነድታችሁ አረጋግጡ፤ እኛን ከሕንጻው ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ነበር ያደረሰን።

ስለ ዋትስአፕ አንድ ትንሽ ነገር እናንሣ። ሰው ሲጫነው ውይይት የሚከፍተው ማያያዣ የሚሠራው ቁጥሩ በ972 ሲጀምርና የመጀመሪያው 0 ሲወድቅ ነው፤ በ05 የሚጀምረው ቁጥር በ9725 ይጀምራል ማለት ነው። እኛ 0ውን ስላልጣልን ቁልፉ ለሦስት ሳምንት ማንንም አላገናኘም፤ እኛም አላወቅንም።

በማን ስም ተመዘገበ?

ከአክስታችን በፊት አንዲት ጎረቤታቸው ድረ ገጽ በገንዘብ አሠርተው ነበር። ሠሪው የድረ ገጹን ስም የገዛው በራሱ ስም ነው። ከተጣሉ በኋላ ስሙም፣ ከስሙ ጋር የተያያዘው ኢሜይልም፣ በቢዝነስ ካርድና በሱቁ ምልክት ላይ የታተመው ሁሉ በእሱ እጅ ቀረ። ሴትዮዋ አዲስ ስም ገዝተው ካርዱን እንደገና አሳተሙ። ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያ ማድረግ ለእሱ ይቀለዋል። የተጻፈ ውል ግን አልነበረም።

እኛስ ከእሱ በምን ተሻልን? የመጀመሪያው ድረ ገጽ በአንዳችን ኢሜይል፣ በአንዳችን ክሬዲት ካርድ ነበር የተከፈተው። ተመርቀን ብንበታተን፣ ካርዱ ቢያልቅበትና ክፍያው ቢቋረጥ፣ ሱቁ አንድ ቀን ከኢንተርኔት ይጠፋ ነበር።

በእስራኤል የሚያልቁትን የድረ ገጽ ስሞች፣ «ኮ ነጥብ አይኤል» የሚሉትን፣ መዝገቡን የሚያስተዳድረው የእስራኤል የኢንተርኔት ማኅበር ነው፤ ሽያጩ ግን ማኅበሩ በፈቀደላቸው መዝጋቢዎች በኩል ነው። ስትመዘግቡ «ባለቤት» በሚለው ቦታ የባለሱቋ ስምና የእሳቸው ኢሜይል ይግባ። በፊት የተመዘገበ ካለ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ስሙን ፈልጋችሁ በማን እንደተያዘ ማየት ትችላላችሁ። ለአክስታችን አዲስ ኢሜይል ከፈትን፤ የይለፍ ቃሉን እሳቸው መረጡ፣ በእጃቸው ጻፉት፣ ከሱቁ ፈቃድ ወረቀቶች ጋር አስቀመጡት። እኛ የምንገባው እሳቸው በሰጡን የረዳት ፈቃድ ነው፤ በፈለጉ ቀን ሊያነሡት ይችላሉ። እንዴት እንደሚነሣም አሳየናቸው፤ በእኛ ላይ ሞክረው ስቀው መለሱን።

የመሥሪያ መሣሪያውንም በዚህ ዓይን መረጥነው። በፕሮግራም ቋንቋ ብንጽፈው ያምር ነበር፤ ከመካከላችን አንዱ ይችላል። ግን በስልክ ላይ ተከፍቶ፣ ሰዓቱ ተነክቶ፣ አዲስ ሰዓት ተጽፎ «አስቀምጥ» የሚባልበትን ተራ መሣሪያ መረጥን። ገንዘብ ከፍላችሁ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስሙ በማን ይመዘገባል? ሰዓትና ዋጋ እኔ ራሴ መቀየር እችላለሁ? ብንለያይ ምን ይዤ እሄዳለሁ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በአነስተኛና መካከለኛ ንግዶች ኤጀንሲ ሥር ያሉት የማኦፍ ማዕከላት መንግሥት ከፊሉን በሚከፍልበት ዋጋ የንግድ አማካሪ ያገናኛሉ፤ ሺዎች ከማውጣታችሁ በፊት እዚያ አንድ ጊዜ መቀመጥ አይከፋም።

ሕጉ የሚጠይቀው

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ ግን ጥፋቱ በገንዘብ የሚከፈል ስለሆነ እናንሣው። ለአካል ጉዳተኞች እኩል መብት የወጣው የ1998 ሕግና ደንቦቹ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ድረ ገጾች ተደራሽ እንዲሆኑ ይጠይቃሉ፤ መለኪያው የእስራኤል ደረጃ 5568 ነው። በጣም አነስተኛ ገቢ ላላቸው ንግዶች ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ አለ፤ ስለዚህ የሂሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቁ። የማይመለከተው ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤት ጉዳት ሳይረጋገጥ እስከ 50,000 ሸቀል ካሣ ሊፈርድ ይችላል። በገጹ ጥግ የሚለጠፈው የዊልቸር ምልክት ያለው መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። ዓይነ ስውር ደንበኛ ስልኳ እንዲያነብላት ለእያንዳንዱ ፎቶ የጽሑፍ መግለጫ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም በደንብ ይለይ፤ ቁልፎቹ ያለ መዳፊት ይሠሩ። እውነቱን ለመናገር ይህን ስናደርግ ገጹ ለሁሉም ተሻለ። አክስታችን ራሳቸው ያለ መነጽር ማንበብ የቻሉት ከዚያ በኋላ ነው።

በርቀት የሚሸጥ ካለ፣ ማለትም ደንበኛ ሱቅ ሳይመጣ በድረ ገጽ ወይም በስልክ የሚገዛው፣ የ1981 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ይሠራል። ገዢው ዕቃው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ሊሰርዝ ይችላል፤ ዕቃው ጉድለት ከሌለው ሻጩ ማስቀረት የሚችለው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። አካል ጉዳተኞች፣ አረጋውያንና አዲስ ገቢዎች ግዢው ላይ ከሻጩ ጋር ንግግር ካደረጉ አራት ወር አላቸው፤ ይህን ለወላጆቻችሁ እንደ ገዢም ንገሯቸው። ለስፌት ዋናው ነገር ግን በልዩ ሁኔታ ለገዢው ተብሎ የተሠራ ዕቃ ከዚህ ስረዛ ውጭ መሆኑ ነው። በራሷ ልክ የተሰፋ ቀሚስ እንደ ተዘጋጀ ነጠላ አይመለስም። ይህን ልዩነት በግልጽ፣ ከመክፈያው በፊት በሚታይ ቦታ ጻፍነው።

ለበዓል «ቅናሽ አለን» ብሎ በኤስኤምኤስ ወይም በኢሜይል ለሁሉም መላክም ያጓጓል። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ፈቃድ ሳይሰጥ ማስታወቂያ የተላከለት ሰው ጉዳት ሳያስረዳ ለእያንዳንዱ መልእክት እስከ 1,000 ሸቀል እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ስም ሲመዘገብ «ማስታወቂያ እንዲላክልኝ እፈልጋለሁ» የሚል ባዶ ሳጥን ይኑር፤ ሰው ራሱ ምልክት ያድርግበት። የደንበኞችን ልኬት፣ የሠርግ ቀንና ስልክ በማያስፈልግ ቅጽ አትሰብስቡ፤ የግላዊነት ሕጉ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ጠንክሯል። አክስታችን ልኬት የሚጽፉት ዛሬም በደብተር ነው።

ዝም ብሎ ማየት

ገጹ አለቀ ብለን ስናምን ለአምስት ሰዎች ስልክ ሰጠናቸው። ጄከብ ኒልሰን የተባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ በ2000 የጻፈው ነው፤ በአምስት ሰው መሞከር አብዛኛውን ችግር ያወጣል ይላል። ሥራው «ለሚቀጥለው ወር ሠርግ ቀሚስ ተከራዩ» ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ዝም ማለት። ይህ ከሁሉም ከበደን። አንዲት እናት የፎቶውን ቀሚስ ደጋግመው ሲጫኑ፣ ምንም ሳይከፈት ሲቀር፣ «እኔ ነኝ የማላውቀው» አሉ። እጃችን ለመርዳት ተዘረጋና መለስነው። እሳቸው አላጠፉም፤ ፎቶ ሲነካ ዋጋ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ትክክል ነው። በማግስቱ ፎቶው ሲነካ ዋጋና ስልክ እንዲወጣ አደረግን። ከአምስቱ ሦስቱ የኪራይን ገጽ አላገኙትም ነበር፤ «አገልግሎቶቻችን» ከሚል ስም በታች ደብቀነው ነበርና። ስሙን «ኪራይ» አልነው።

የመጨረሻው ሙከራ ለአክስታችን ነበር። ስልካቸውን ይዘው፣ እኛ ከሱቁ ውጭ ቆመን፣ የሐሙስን የመዝጊያ ሰዓት ከ19:00 ወደ 18:00 እንዲቀይሩ። ሩብ ሰዓት ፈጀ። በመስኮቱ እናያቸዋለን፤ ሁለት ጊዜ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፣ ሁለት ጊዜ አነሡት። ከዚያ ወጥተው «እዩት» አሉን። በእኛ ስልክ ላይ 18:00 ይላል።

ባለፈው ስግድ ዋዜማ ማንም ሳይነግረን ገጹን ከፈትነው። ከላይ በቀይ አዲስ መስመር ተጨምሯል፦ ሱቁ ለስግድ ሁለት ቀን እንደሚዘጋና ነጠላ ለኢየሩሳሌም የሚፈልግ እስከ ማክሰኞ እንዲመጣ ይላል። በዕብራይስጥ ነው፤ «ማክሰኞ» የሚለው ቃል አንድ ፊደል ጎድሎታል። ደውለን ነገርናቸው። «አውቄዋለሁ፣ ደንበኛ ነገረችኝ» አሉ፤ «አሁን ሰው አለብኝ፣ ማታ አስተካክለዋለሁ።»